የተላጠ በረንዳና የተሰነጠቀ የግቢ አስፋልት፦ ክረምቱ ሳይገባ የቱ ይቅደም?

ሶሌታ_ጠባቂ · ሚያዝያ 9፣ ከጠዋቱ 3፡10

ሰላም ለቤቱ። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ባለ አምስት ፎቅ የጋራ መኖሪያ የጥገና ዝርዝር እየወጣ ስለሆነ በቁጥር የተደገፈ ሐሳብ እፈልጋለሁ። ሕንፃው 16 ዓመቱ ነው። ከ40 በረንዳዎች በ11ዱ የሶሌታው ሆድ (የታችኛው ፊቱ) ተላጦ ፌሮው ይታያል። ከግቢው በር እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ደግሞ 180 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት አለ። በግራ በኩል ከጠርዙ 60 ሳንቲ ገባ ብሎ ከመንገዱ ጋር ትይዩ የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ ወጥቷል፤ በሁለት ቦታ፣ በድምሩ 22 ካሬ ሜትር የሚሆን፣ የአዞ ቆዳ የመሰለ ስንጥቅ አለ፤ ሦስት ጉድጓዶችም አሉ። ከሥር ያለው ጥቁር አፈር ነው። ባሕር ዛፎች በግራው ጠርዝ ተደርድረዋል።

በማኅበሩ የቀረበው ሐሳብ በረንዳዎቹን ልስን ማልበስ፣ መንገዱን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በ3 ሳንቲ አዲስ አስፋልት መሸፈን ነው። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። ሰኔ ከመግባቱ በፊት የትኛው ይሠራ?

ፌሮ12 · ሚያዝያ 9፣ ከቀኑ 7፡45

ልስኑን ተዉት። የዛገ ብረት ላይ የተለጠፈ ልስን ዝገቱን ከዓይን ይሸፍናል እንጂ አያቆመውም። ብረት ሲዝግ ይዞት ከነበረው ቦታ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ያብጣል፤ አርማታውን ገፍቶ የጣለው ያ እብጠት ነው፤ ልስኑንም ይጥለዋል። ከአራተኛ ፎቅ የሚወድቅ የልስን ቁራጭ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይለይ። በረንዳው ከግድግዳው ወጥቶ የተንጠለጠለ ነው ወይስ በቢም ላይ ያረፈ? የተንጠለጠለ ከሆነ ሸክሙን የያዘው ፌሮ ያለው በላይኛው ፊት ነው። ከሥር የሚታየው የዛገ ብረት ያስደነግጣል፤ በረንዳውን የያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ አይደለም። ልንፈራው የሚገባው በረንዳው ከቤቱ ጋር በሚገናኝበት መስመር፣ ከሴራሚኩ ሥር የተደበቀውን ስንጥቅ ነው። ሶሌታ ሲሞላ ሠራተኛ በላይኛው ፌሮ ላይ እየተመላለሰ ያወርደዋል። በ12 ሳንቲ ሶሌታ ላይ ከታችኛው ፊት 9.5 ሳንቲ ከፍ ብሎ መቀመጥ የነበረበት ፌሮ 3 ሳንቲ ከወረደ የመሸከም አቅሙ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይጠፋል። በዚያ ላይ በስንጥቁ የሚገባው ውሃ ያንኑ ዋና ፌሮ ያዝገዋል።

ስለዚህ በ40ዎቹም በረንዳዎች በሩ ሥር አንድ ረድፍ ሴራሚክ ይነሳና ይታይ። ከ0.3 ሚሊ ሜትር የሰፋ ስንጥቅ ከተገኘ ያ በረንዳ ከሥር ድጋፍ ይግባለት፣ የውሃ ታንከርና የአበባ ሳጥን ይውረድለት፣ የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያየውም ማንም እንዳይነካው። የቀሩት የሆድ ጥገና ነው የሚያስፈልጋቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመዶሻ እየመታችሁ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ በኖራ አክብቡት፤ ከሚታየው ልጣጭ ብዙ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ዳሩን በፍሌክስ 1 ሳንቲ ያህል ጥልቀት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ እየቀጠነ የሚያልቅ ጠርዝ በመጀመሪያው በጋ ይነሳል። ከዚያ በመሮና በቀላል መፈልፈያ ፌሮው ዙሪያውን እስኪታይ፣ ከጀርባውም 2 ሳንቲ ክፍተት እስኪኖር ፈልፍሉ። ጣት ከፌሮው ጀርባ ካላለፈ ገና ነው። በርዝመቱ ደግሞ ዝገቱ ካበቃበት 5 ሳንቲ አልፋችሁ ንጹሕ ብረት ላይ ቁሙ። በብረት ብሩሽ፣ ከተቻለ በአሸዋ ንፊያ፣ ነጭ ብረት እስኪሆን ይጥረግ። ውፍረቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያለቀ ፌሮ ካለ አጠገቡ አዲስ ይጨመር፤ መደራረቢያው የፌሮው ውፍረት 50 እጥፍ፣ ማለትም ለባለ 12 ፌሮ 60 ሳንቲ ይሁን።

አርማታውን ከዋዜማው ጀምሮ አርሱት፤ ሲሞላ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ ፊቱ ላይ አይታይ። እንደ አጥሚት የወፈረ የሲሚንቶ ቦያካ በብሩሽ ቀቡና ሳይደርቅ ሞርታሩን ጫኑ። ቦያካው ከደረቀ መያዣ መሆኑ ቀርቶ መለያያ ይሆናል። ሞርታሩ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ ተኩል የታጠበ አሸዋ፤ በአንድ ጊዜ ከ2 ሳንቲ አይበልጥ፤ ሁለተኛው የሚጫነው የመጀመሪያው ጠንክሮ በሚስማር ከተጫረ በኋላ ነው። እርጥብ ጆንያ በእንጨት ደግፋችሁ ለ7 ቀን አቆዩት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ውሃው መንገዱን ካልቀየረ ግን ነገ ያው ነው። የበረንዳው ሊሾ ወደ ውጭ 2 ሳንቲ በሜትር ይዝመም። ከሶሌታው ሆድ፣ ከዳሩ 3 ሳንቲ ገባ ብሎ፣ 1.5 ሳንቲ ስፋትና 1 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ጎድጎድ ይኑር። ዳሩን ዞሮ በሆዱ የሚሳበው ውሃ እዚያ ሲደርስ ይንጠባጠባል። በብዙ ሕንፃ የቀረው ይህች ጎድጎድ ናት፤ ካሳ ፎርማው ላይ አንድ ቀጭን እንጨት በመቸንከር የምትገኝ ነገር ናት።

የላብ_ሰው · ሚያዝያ 9፣ ከቀኑ 10፡20

ፌሮ12 በሁሉም ትክክል ነው። ከመፈልፈላችሁ በፊት ግን ለየትኛው በረንዳ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረ መለካት ይቻላል፤ ርካሽ ነው። 1 ግራም ፊኖልፍታሊን (ቀለም የሚቀይር የላብ ኬሚካል) በ70 ሚሊ ሊትር አልኮልና በ30 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟል። አርማታውን አሁኑኑ ሰብራችሁ አቧራውን ንፉና እርጩበት፤ አሮጌ ስብራት ላይ አይሠራም። ሐምራዊ የሆነው ገና ብረቱን ይጠብቃል። ቀለም ያልያዘው ክፍል የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶበት የፒኤች መጠኑ ከ9 ገደማ በታች ወርዷል፤ እዚያ ያለ ፌሮ መከላከያው ጠፍቷል። ቀለም ያልያዘውን ጥልቀትና የፌሮውን ሽፋን (ፌሮውን የሸፈነውን የአርማታ ውፍረት) በሚሊ ሜትር ጻፉና አምጡት።

ገረጋንቲ60 · ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 2፡05

ወደ መንገዱ ልምጣ። የገለጻችሁት ሁለት የተለያየ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ አይደለም።

ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሚሄደው ስንጥቅ የጥቁር አፈር ሥራ ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሸበሸባል። ከአስፋልቱ መሐል በታች ያለው አፈር እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ ዳሩ ግን ከዓመት ዓመት ይወጣል ይወርዳል፤ መንገዱ የሚሰነጠቀው ሁለቱ በሚለያዩበት መስመር ላይ ነው። ባሕር ዛፉ ደግሞ በበጋ የቀረችውን እርጥበት ይመጥጣታል። አስፋልቱን ብታወፍሩት ይህ እንቅስቃሴ አይቆምም። የሚረዳው እርጥበቱ የሚለዋወጥበትን መስመር ከአስፋልቱ ማራቅ ነው፦ የመንገዱን ትከሻ ቢያንስ 1 ሜትር ውሃ በማያስገባ ነገር መሸፈን፣ ቦዩን ከጠርዙ ማራቅ፣ ዛፎቹን ቢያንስ ቁመታቸውን ያህል ካልራቁ ማንሳት።

የአዞ ቆዳው ሌላ ነው። እዚያ ሥሩ ረጥቦ ደክሟል፤ አስፋልቱ ከጎማ በታች እየተለጠጠ እየተመለሰ ደክሞት ነው የተሰባበረው። በላዩ 3 ሳንቲ ቢለብስ ስንጥቁ በሁለት ክረምት ውስጥ ተከትሎት ይወጣል።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ከቦዩ ወለል እስከ መንገዱ ሸንተረር (ከፍ ያለው መሐሉ) ያለው ከፍታ 75 ሳንቲ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ የቦዩ ውሃ ወደ ጎን ተስቦ ገረጋንቲው ውስጥ ይገባል። ቦዩ በደለል ግማሹ ሞልቶ ከሆነ ያላችሁት 30 ወይም 40 ሳንቲ ብቻ ነው ማለት ነው። የመንገዱ ተዳፋት ከመሐል ወደ ዳር 2.5 ሳንቲ በሜትር መሆኑን በክርና በውሃ ልክ ለኩ፤ በ3 ሜትር 7.5 ሳንቲ መውረድ አለበት። የትከሻው ሣር ከአስፋልቱ በላይ በቅሎ ከሆነ ውሃው እንደ ገንዳ ታጥሮ ይቆማል። አካፋና ዶማ ብቻ የሚፈልገው ይህ ሥራ ከሁሉም ይቀድማል፤ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይለቅ።

ሳይት_ቢሮ · ሚያዝያ 10፣ ከጠዋቱ 2፡30

የሙሉ ሽፋኑን ሐሳብ እንዲህ በቀላሉ ባንጥለው። 16 ዓመት የቆየ አስፋልት ሬንጁ ደርቆ ነጥቷል፤ ፊቱ ውሃ ያስገባል። አሥር ቦታ ከመለጠፍ አንድ ጊዜ መሸፈን ይሻላል፤ ማሽኑ የሚመጣውም አንድ ጊዜ ነው።

ገረጋንቲ60 · ሚያዝያ 10፣ ከቀኑ 6፡15

ሐሳብዎ ሥሩ ጤነኛ ለሆነ መንገድ ልክ ነው። እዚህ ግን ሂሳቡን እንየው። 180 በ6 ሜትር 1,080 ካሬ ነው፤ በ3 ሳንቲ 32.4 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በሜትር ኩብ 2.35 ቶን ቢያዝ 76 ቶን ትኩስ አስፋልት። የአዞ ቆዳውን 22 ካሬ ቆፍሮ በ5 ሳንቲ መተካት የሚጠይቀው 2.6 ቶን ነው። ጉድጓዶቹ ቢጨመሩ 3 ቶን አይሞላም። ሕመሙ ያለው እዚያ ሆኖ ሳለ 76 ቶኑ ጤነኛው ላይ ይፈስሳል።

ሌላው የውፍረቱ ነገር ነው። የአስፋልት ንጣፍ ከትልቁ ጠጠሩ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተኩል፣ ሦስት ጊዜ መወፈር አለበት። በተለመደው ባለ 14 ሚሊ ሜትር ጠጠር 3 ሳንቲ ላይ ድንጋዩ በሮለሩ ሥር ይጎተታል እንጂ አይጠቀጠቅም። ስስ ንጣፍ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ ከ90 ዲግሪ በታች የወረደ አስፋልት ቢመላለሱበትም ቀዳዳው አይዘጋም። ያልተጠቀጠቀ አስፋልት ደግሞ ወንፊት ነው።

የደረቀውን ፊት በተመለከተ ግን እስማማለሁ። ሥሩ ከተጠገነ በኋላ፣ በበጋ፣ ጠጠርና ሬንጅ መርጨት ወይም የሳሳ ኢሙልሽን (በውሃ የተበተነ ሬንጅ) መቀባት ይበቃዋል። ጠጠሩ ከአቧራ የጸዳ መሆኑን አደራ። አቧራ የለበሰ ጠጠር ሬንጅ አይዘውም፤ በሳምንት ውስጥ ትከሻው ላይ ተከምሮ ታገኙታላችሁ።

ሳይት_ቢሮ · ሚያዝያ 10፣ ከቀኑ 8፡00

የውፍረቱን ነጥብ ተቀብያለሁ። እንግዲያው የቁፋሮ ጥገናው ደረጃ በደረጃ ይጻፍልን፤ ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ቦይ_ቀዳጅ · ሚያዝያ 10፣ ከምሽቱ 1፡40

እኔ ልጻፈው። ከተበላሸው ክፍል 20 ሳንቲ ያህል ወደ ጤነኛው ገብታችሁ አራት ማዕዘን አስምሩ። ክብ ጉድጓድ በክብነቱ አይሞላ፤ ለሮለሩም ለጠርዙም አይመችም። በካተር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጭቃ የሆነው እስኪያልቅ ቆፍሩ፤ ገረጋንቲው ከረጠበ እሱም ይውጣ። ተመልሶ ሲሞላ በየ15 ሳንቲው በጃምፒንግ (እየዘለለ በሚጠቀጥቅ ማሽን) ይጠቅጠቅ። የመጨረሻው 15 ሳንቲ የተፈጨ ጠጠር ይሁን። ቀይ አሽ እዚህ ቦታ አይግባ፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከጎማ በታችም ይደቅቃል።

ጠጠሩ ላይ ኤምሲ-30 (የቀጠነ ሬንጅ) በካሬ ሜትር 1 ሊትር ያህል ተረጭቶ አንድ ሁለት ቀን ይጠበቅ። ገደቡን ያለፈ መርጨት አይጠቅምም፤ ያልተመጠጠው ኩሬ ሆኖ በኋላ በሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። የተቆረጠው የአስፋልት ግድግዳ ላይ ደግሞ ኢሙልሽን በብሩሽ ቀቡ፤ ቡናማው ጥቁር እስኪሆን ጠብቁ። ለ1.2 በ0.8 ሜትር ጉድጓድ ጥቂት ይበቃል።

ትኩሱ አስፋልት ሲደርስ በቴርሞሜትር ይለካ፤ ከ135 ዲግሪ በታች ከሆነ አትቀበሉ። ያው ጉድጓድ ለ5 ሳንቲ 113 ኪሎ ይፈልጋል። ሳይጠቀጠቅ 6.5 ሳንቲ ገደማ ሆኖ ይነጠፍ፣ ከዳር ወደ መሐል ይጠቅጠቅ፣ ሲያልቅ ከነባሩ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም። መኪና ያስተካክለዋል። ዝቅ ካለ ግን ውሃ የሚያቁር ሳህን ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻ የመገናኛ መስመሩ ዙሪያውን በሬንጅ ይታሸግ።

ጉድጓዱን በአርማታ መሙላት በየሰፈሩ ይታያል። አርማታው አይተጣጠፍም፤ አስፋልቱ ይተጣጠፋል፤ ስለዚህ ዙሪያው ይሰነጠቅና ውሃው እዚያ ይገባል። በሸክላ ስባሪና በአፈር መሙላትማ አንድ ዝናብ አይሻገርም።

ሌላ አንድ ነገር፦ መኪና ማቆሚያው ላይ ናፍጣና ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታ ካለ አስፋልት አትመልሱበት። ናፍጣ ሬንጅን ያሟሟል። እዚያ ኮብልስቶን ወይም አርማታ ይሁን።

ሶሌታ_ጠባቂ · ሚያዝያ 16፣ ከጠዋቱ 4፡00

ልኬቱ ተደርጓል። በተላጡት በረንዳዎች የፌሮው ሽፋን ከ10 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለም ያልያዘው ጥልቀት ከፍተኛው 16 ሚሊ ሜትር። ካልተላጡት በሰባቱ ላይ ሽፋኑ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በረንዳዎቹ ሁሉ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ከተላጡት በሁለቱ በሩ ሥር 0.5 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ አለ፤ ድጋፍ ገብቶላቸው መሐንዲስ ተጠርቷል። ቦዩ ተለክቶ ከሸንተረሩ 35 ሳንቲ ብቻ ዝቅ ይላል።

የላብ_ሰው · ሚያዝያ 16፣ ከቀኑ 9፡30

ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። ካርቦኔሽን፣ ማለትም የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጉዳት፣ በጊዜው ስኩዌር ሩት ልክ ነው የሚገባው። በ16 ዓመት 16 ሚሊ ሜትር ከገባ፣ የ16 ዓመት ስኩዌር ሩት 4 ስለሆነ 16ን ለ4 አካፍሉ፤ የዚህ አርማታ መለኪያ 4 ነው። 20 ሚሊ ሜትር ለመድረስ 20 ሲካፈል ለ4፣ 5 ይሆናል፤ 5 በ5 ደግሞ 25 ዓመት። ስለዚህ እነዚያ ሰባት በረንዳዎች 9 ዓመት ገደማ አላቸው። አሁን ዝናብ የሚከለክልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያዘገይ የውጭ ቀለም ቢቀቡ ያ ጊዜ ይረዝማል፤ ለመፈልፈል መዳረግ የለባቸውም። መጀመሪያውኑ ሽፋኑ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ በዚሁ አርማታ 39 ዓመት ይሰጥ ነበር። ሽፋን በግማሽ ሲቀንስ ከዕድሜው ሩቡ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ፌሮን በጠጠር ስባሪ ደግፎ መሙላት የሚያስከፍለው ይህን ነው። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር (ፌሮውን ከካሳ ፎርማው የሚያርቅ ድጋፍ) በሳይቱ፣ አንድ ለሁለት በሆነ ሞርታር፣ መሐሉ ማሰሪያ ሽቦ ገብቶበት ይሠራል።

መልካሙ ዜና፣ በደጋው አገራችን ባሕርም ሆነ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው የለም። ጨው የገባበት አርማታ ቢጠገንም ከጥገናው አጠገብ እንደገና ይዝጋል። በካርቦኔሽን የተጎዳ ግን ደርቆ ከቆየ ዝገቱ እጅግ ይዘገያል። ፌሮ12 ስለ ጎድጎዷ የጻፈው ለዚህ ነው ክብደት ያለው። እንደ አፍዴራ ባለ የጨው አካባቢ የሚሠራ ሰው ግን የአሸዋውንና የውሃውን ክሎራይድ ሳያስመረምር አይጀምር።

ፌሮ12 · ሚያዝያ 16፣ ከምሽቱ 1፡15

መለኪያው 4 መሆኑ አርማታው ውሃ በዝቶበት እንደተቦካ ይጠቁማል። አዲስ ለምትሞሉት ሁሉ፣ የቦዩን ክዳን ጨምሮ፣ ልኩን ልጻፍ። አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ሲሚንቶ፤ 50 በ40 በ18 ሳንቲ በሆነ ሳጥን ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ሳጥኑ 36 ሊትር ይይዛል፤ ከረጢቱም ያንኑ ያህል ነው። ውሃው በግማሽ ሬሾ (የውሃው ክብደት ከሲሚንቶው ግማሽ ሲሆን) 25 ሊትር ነው፤ ነገር ግን እርጥብ አሸዋ 5 ከመቶ ውሃ ቢይዝ ሁለቱ ሳጥኖች ብቻ 5 ሊትር ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ በክረምት አንድ ባለ 20 ጄሪካን ሞልቶ ይበቃል። «ትንሽ ይቅጠን» ተብሎ የሚጨመረው ሌላ 5 ሊትር ሬሾውን ወደ 0.6 ያወጣዋል፤ ጥንካሬውም ሽፋኑም በዚያች 5 ሊትር ይሄዳሉ። አልፈስ ካለ ቫይብሬተር ነው መልሱ።

አሸዋውን በጠርሙስ ፈትሹ፦ ግማሽ አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃና ቁንጥር ጨው፣ ነቅንቃችሁ 3 ሰዓት አስቀምጡ። ላዩ ላይ የሚዘቅጠው ደለል ከአሸዋው ቁመት ከ6 ከመቶ ከበለጠ ይታጠብ።

መረሬ · ሚያዝያ 17፣ ከጠዋቱ 3፡40

ስለ ዘላቂነት ሁለት ነገር ልጨምር። ከ22 ካሬው የሚወጣው አሮጌ አስፋልት አይጣል። ተፈጭቶ፣ ውሃ ተረጭቶበት፣ በሮለር ሲጠቀጠቅ ለመንገዱ ትከሻ ጥሩ ልባስ ይሆናል፤ በላዩ ኢሙልሽን ቢረጭ ገረጋንቲ60 የጠየቀውን 1 ሜትር ውሃ የማያስገባ ትከሻ በከፊል አገኛችሁ።

ሁለተኛው፣ ፒፒሲ ሲሚንቶ ውስጡ እንደ ፓሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስላለበት ክሊንከሩ (በምድጃ የሚቃጠለው ዋናው የሲሚንቶ ክፍል) ያነሰ ነው፤ ለአካባቢ ይሻላል። የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ለ7 ቀን የሚጠጣውን ውሃ ወደ 14 ቀን አሳድጉለት፤ ካሳ ፎርማውንም አትቸኩሉበት። በሦስተኛው ቀን ውሃው የተቋረጠበት የፒፒሲ አርማታ ፊቱ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ሲሚንቶው ይታማል።

ሶሌታ_ጠባቂ · ሚያዝያ 17፣ ከቀኑ 11፡20

ተመስገን፤ ዝርዝሩ ተቀይሯል። የሙሉ ሽፋኑ 76 ቶን ወጥቷል። ግንቦት 15 ድረስ ቦዩ ወደ 75 ሳንቲ ይወርዳል፣ ትከሻው ይገፈፋል፣ የአዞ ቆዳውና ጉድጓዶቹ ይቆረጣሉ። ዘጠኙ በረንዳዎች ከግንቦት 1 ጀምሮ ይፈለፈላሉ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ረጅሙ ስንጥቅ አሁን ይታሸግ ወይስ ትከሻው እስኪሸፈን ይቆይ?

ገረጋንቲ60 · ሚያዝያ 17፣ ከምሽቱ 2፡50

አሁን ይታሸግ። በሚያዝያና በግንቦት አፈሩ ደርቆ ስንጥቁ በሰፊው ተከፍቶ ስለሚገኝ የምትሞሉት በቂ ነው፤ በክረምት ቢሞላ በጋ ሲመጣ ተመልሶ ይከፈታል። በኮምፕሬሰር አቧራውን ንፉ፣ ሣር ካለ ከሥሩ ይነቀል። ከ3 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነውን በትኩስ ሬንጅ፣ ከ20 በላይ የሆነውን በኢሙልሽን በተለወሰ ደቃቅ አሸዋ ሙሉት። ከፊቱ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም፤ አፈሩ ሲያብጥ ተጨምቆ የሚወጣበት ቦታ ያስፈልገዋል። ባሕር ዛፎቹ ከተቆረጡ ጉቶውም ይነሳ፤ ጉድጓዱ በጥቁር አፈሩ ራሱ፣ በየ15 ሳንቲው ተጠቅጥቆ ይደፈን። ጠጠር ከተሞላበት ውሃ ማጠራቀሚያ ይሆንባችኋል።